የአባላት ብቻ የሆነ ክለብ የዓለም ውድድር የሚያስተናግደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የምሠራው ቤተዝዳ፣ ሜሪላንድ ነው። በሪቨር ሮድ ሳልፍ የኮንግረሽናል ካንትሪ ክለብን በር ሁልጊዜ አየዋለሁ። ከአባላት በስተቀር ማንም አይገባም ይባላል። ልጄ ደግሞ ትልልቅ የጎልፍ ውድድሮች እዚያ እንደተደረጉ፣ ወደፊትም እንደሚደረጉ ይነግረኛል። የግል ክለብ ከሆነ እንዴት ሆኖ ነው? ታሪኩስ ምንድን ነው? እኛ መግባት እንችላለን?»

ምላሽ፦

ልጅዎ ልክ ነው። ከዚያ በር ጀርባ፣ ከአራቱ የጎልፍ ትልልቅ ውድድሮች አንዱ የሆነው ዩኤስ ኦፕን ሦስት ጊዜ ተደርጓል፤ በ1964፣ በ1997 እና በ2011። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከአራቱ ሌላው የሆነው ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ በ1976፣ የሴቶቹ ፒጂኤ በ2022፣ የአንጋፋዎቹ ደግሞ በ2025 ተካሂዷል። መግባትም ትችላላችሁ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ሥራዬ ጎልፍ ማስተማር ስለሆነ «የግል ከሆነ እንዴት?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል። ከእሱ ልጀምር።

እኛ ስፖርት ስንል የምናስበው ስታዲየም ነው። መንግሥት ወይም ፌዴሬሽን ሜዳውን ይሠራል፣ ቡድኖች መጥተው ይጫወቱበታል። ጎልፍ ግን የመጣው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ የነበሩት ክለቦች ናቸው። ውድድሩን የፈጠሩት እነሱ፣ ፌዴሬሽኑንም ያቋቋሙት እነሱ።

የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር በ1860 በስኮትላንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ ፕሬስትዊክ በሚባል ክለብ ተደረገ። የተወዳደሩት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሽልማቱ ገንዘብ ሳይሆን ከቀይ ቆዳ የተሠራ ቀበቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈ ቀበቶውን ይወስዳል የሚል ደንብ ወጣ። ያንግ ቶም ሞሪስ የተባለ ወጣት ከ1868 እስከ 1870 አከታትሎ አሸነፈና ወሰደው። በ1871 የሚሸለም ነገር ስላልነበረ ውድድሩ ሳይደረግ ቀረ! በ1872 ፕሬስትዊክ ከሌሎች ሁለት ክለቦች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ የብር ዋንጫ አሠራ። ዛሬም የብሪታንያው ኦፕን አሸናፊ የሚሸለመው ያንኑ የዋንጫ ዓይነት ነው።

አሜሪካም ውስጥ ነገሩ ይኸው ነው። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር፣ ዩኤስጂኤ፣ በ1894 የተቋቋመው በአምስት የግል ክለቦች ነው። በዓመቱ የመጀመሪያው ዩኤስ ኦፕን ከአምስቱ በአንዱ፣ በኒውፖርት ተደረገ። 11 ተጫዋቾች፣ አንድ ቀን፣ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ። በዚያን ጊዜ ዋናው ውድድር የአማተሮቹ፣ ማለትም ለገንዘብ የማይጫወቱት ነበር። ኦፕኑ እሱን ተከትሎ የተደረገ ተጨማሪ ነገር ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ በ1896 በሺኔኮክ ሂልስ ክለብ፣ ለእናንተ ሰፈር የሚቀርብ ታሪክ አለ። ጆን ሺፐን የሚባል ጥቁር ወጣት ለመወዳደር ተመዘገበ። የተወለደው ዋሽንግተን ነው። ከሺኔኮክ ጎሳ የሆነ ኦስካር በን የሚባል የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪም አብሮት ነበር። ነጮቹ ተጫዋቾች «እነሱ ከገቡ እኛ አንጫወትም» አሉ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሄቭማየር አልተበገረም፤ ሌላ ሰው ባይኖርም ውድድሩ በሁለቱ ይካሄዳል አለ። ሁሉም ተጫወቱ። እንዲህ ተጀምሮ ሲያበቃ፣ የባለሙያ ተጫዋቾቹ ማኅበር ፒጂኤ በ1934 «አባል የሚሆነው ነጭ ብቻ ነው» የሚል አንቀጽ ደንቡ ውስጥ አስገባ። ያንን አንቀጽ የሰረዘው በ1961 ነው። የግል ክለብና የውድድር ታሪክ ሲነሳ ይህን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። እመለስበታለሁ።

ዛሬስ ለምንድን ነው ወደ ግል ክለብ የሚሄዱት? አንደኛው ምክንያት መሬት ነው። ትልቅ ውድድር ከ7,000 ያርድ በላይ የሆነ ከባድ ሜዳ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)፣ ድንኳን የሚተከልበት ሰፊ ቦታ፣ ለሳምንታት ሜዳውን ለሌላ የማይሰጥ ባለቤት ይፈልጋል። ኮንግረሽናል ሁለት ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳዎች አሉት። ሰማያዊ የሚባለው ለውድድሩ ሲዘጋጅ፣ ወርቃማ የሚባለው ከጎኑ አለ። ሌላው ምክንያት የአባላቱ ፍላጎት ነው። ክለቡ ኪራይ ያገኛል፤ ከኪራዩ የሚበልጠው ግን ስሙ ነው። ዩኤስ ኦፕን የተደረገበት ሜዳ ላይ መጫወት የሚፈልግ ሰው ለአባልነት ወረፋ ይጠብቃል። በምትኩ አባላቱ ከሚወዱት ሜዳ ለወራት ይርቃሉ፣ ሣሩ በሕዝብ ይረገጣል፣ ግንባታውም አለ። በየክለቡ «ውድድር ይቅርብን» የሚሉ አባላት አይጠፉም። እውነቱን ለመናገር እነሱም አይፈረድባቸውም፤ ለሜዳው የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ሕዝባዊ ሜዳዎችም ቀስ ብለው ገብተዋል። ከፍሎ ማንም ሊጫወትበት የሚችለው ፔብል ቢች በ1972 ዩኤስ ኦፕንን አስተናገደ። በመንግሥት የተያዘ፣ የእውነት የሕዝብ የሆነ ሜዳ ላይ የተደረገው ግን በ2002 ነው፤ ኒውዮርክ፣ ቤዝፔጅ ላይ። ከመጀመሪያው ውድድር 107 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ በር እንምጣ።

ኮንግረሽናልን ያሰቡት ሁለት የኢንዲያና ኮንግረስ አባላት ናቸው። የሕዝብ ተወካዮችና ባለሀብቶች ከቢሮ ውጪ ዘና ብለው የሚገናኙበት ቦታ ይኑር የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ዛሬ ቢሆን ጋዜጠኛ በሩ ላይ ያድር ነበር! በ1924 ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ ኸርበርት ሁቨር ነበር። ያኔ የንግድ ሚኒስትር ነው፤ በኋላ አገር መርቷል። ከመሥራች የዕድሜ ልክ አባላቱ መካከል የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች፣ ሮክፌለርና ቻርሊ ቻፕሊን ነበሩበት።

ሀብታም ተወለደ ማለት ግን ሀብታም ሆኖ ቀረ ማለት አይደለም። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ክለቡን ሊያዘጋው ደርሶ ነበር። ያዳነው ጦርነቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኦኤስኤስ የተባለው የስለላ ድርጅት፣ የዛሬው ሲአይኤ አያት፣ ግቢውን በወር 4,000 ዶላር ተከራየው። ሰላዮች እዚያ ፈንጂ ማፈንዳት፣ ተኩስና በጨለማ ሰርጎ መግባት ሠለጠኑ። ሜዳው እንዳልነበር ሆነ። ሲወጡ መንግሥት የጥገናውን ወጪ ከፈለ። በኪራዩና በካሣው ክለቡ እግሩ ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ነው ለውድድር መዘጋጀት የጀመሩት። ሮበርት ትሬንት ጆንስ የተባለው የሜዳ ነዳፊ በ1950ዎቹ አዲስ ጉድጓዶች ሠራላቸው። በ1964 ዩኤስ ኦፕን ሲመጣ ሜዳው 7,053 ያርድ ነበር። እስከዚያ ድረስ ኦፕኑ የተደረገበት ረጅሙ ሜዳ ነው።

ስለ 1964 ረዘም አድርጌ ልንገርዎ፤ የኮንግረሽናልን ስም የሠራው ያ ዓመት ነው።

ኬን ቬንቱሪ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ነው፣ 33 ዓመቱ። ከስምንት ዓመት በፊት ገና አማተር እያለ ከአራቱ ትልልቅ ውድድሮች አንዱ የሆነውን የማስተርስን ውድድር በአራት ምት እየመራ ወደ መጨረሻው ቀን ገባ። (በጎልፍ ትንሽ ምት የመታ ነው የሚያሸንፈው።) በመጨረሻው ቀን 80 መትቶ በአንድ ምት ተሸነፈ። በኋላ ባለሙያ ሆኖ ጥቂት ዓመት አሸነፈ፣ ከዚያ የመኪና አደጋ ደረሰበት፣ ጨዋታው ጠፋው። በ1964 ዩኤስ ኦፕን ለመግባት እንደ ማንኛውም ሰው በማጣሪያ ማለፍ ነበረበት። ውድድሩ ሊጀመር ሲል አንድ ቄስ ወዳጁ የጻፉለት ረጅም የማበረታቻ ደብዳቤ ደረሰው።

ያኔ ውድድሩ የሚደረገው በሦስት ቀን ነበር። ሐሙስ 18፣ ዓርብ 18፣ ቅዳሜ 36 ጉድጓድ። የዋሽንግተንን የሰኔ ሙቀት እርስዎ ያውቁታል። ያን ቅዳሜ ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠግቶ ነበር፤ ወበቁም አለ። ቬንቱሪ ጠዋት ላይ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ጉድጓዶች በ30 ምት ጨረሰ። የማይታመን ነው። ከዚያ ሰውነቱ ከዳው። ወደ ማብቂያው አጫጭር ምቶችን ሳተ፣ እንደምንም 66 አስመዝግቦ ወጣ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቶ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

አንድ ሐኪም መጥቶ መረመረው። ሐኪሙ የክለቡ አባል ነበር። ከሰዓት ከቀጠለ ሊሞት እንደሚችል ነገረው። ቬንቱሪ እምቢ አለ። ጨው ክኒንና ሻይ ሰጡት፣ ተመልሶ ወጣ። ሐኪሙ በረዶ የነካ ፎጣ ይዞ 18ቱንም ጉድጓድ አብሮት ተጓዘ። ከሰዓት 70 መታ። ጠዋት ሲጀመር ይመራ የነበረው ቶሚ ጄከብስ 76 መታና ቬንቱሪ በአራት ምት አሸነፈ። የመጨረሻዋ ኳስ ስትገባ አብሮት ይጫወት የነበረው የ21 ዓመቱ ሬይመንድ ፍሎይድ ጎንበስ ብሎ ኳሷን ከጉድጓዱ አወጣለት። ሲሰጠው ያለቅስ ነበር።

በዓመቱ የቅዳሜው 36 ጉድጓድ ቀረ። ውድድሩ አራት ቀን ሆነ፤ በየቀኑ 18፣ እሑድ የሚያልቅ። ቴሌቪዥንም ይህን ይፈልግ ስለነበር የሙቀቱ ነገር ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም በመዝጊያው ቀን 36 ጉድጓድ የተጫወተ የመጨረሻው የዩኤስ ኦፕን አሸናፊ ቬንቱሪ ሆኖ ቀረ።

1976ን ባጭሩ። ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ መጣ፣ ዝናብ ወረደ፣ ውድድሩ ወደ ሰኞ ተላለፈ። ዴቭ ስቶክተን የመጨረሻዋን ጉድጓድ በጥሩ ምት ዘግቶ በአንድ ምት አሸነፈ። ሁለተኛ ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ሬይመንድ ፍሎይድ ነበር፤ ያ ያለቀሰው ልጅ።

ከ1980 እስከ 1986 ኬምፐር ኦፕን የሚባለው የየዓመቱ ውድድር እዚያ ነበር። ፍሬድ ከፕልስ የመጀመሪያ ድሉን በ1983 ያገኘው እዚያ ነው። ከዚያ ውድድሩ አጠገቡ ወዳለ ሜዳ ተዛወረ።

የ1997ቱ ዩኤስ ኦፕን ጫጫታ የበዛበት ነበር። የደቡብ አፍሪካው ኤርኒ ኤልስና የስኮትላንዱ ኮሊን ሞንትጎመሪ እሑድ ከሰዓት እኩል ሆነው 17ኛው ጉድጓድ ደረሱ። ግሪኑ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት ለስላሳ ሣር ውሃ ውስጥ ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። ኤልስ ከ200 ያርድ በላይ ሆኖ ግሩም ምት መታ። ሞንትጎመሪ ደግሞ አጭር ምት ቀርታው ጎረቤት ካለው 18ኛ ጉድጓድ የሚመጣው የሕዝብ ድምፅ እስኪበርድ ብዙ ጠበቀ። ጠብቆ ጠብቆ ሳተ። ኤልስ በአንድ ምት አሸነፈ። ሞንትጎመሪ በአውሮፓ የነገሠ ሰው ነው፤ ከአራቱ ትልልቅ ውድድሮች አንዱንም ሳያገኝ ቀረ።

ያ ዓመት ሌላም ጣጣ ነበረው። የመጨረሻው ጉድጓድ ከውሃ ማዶ የሚመታ አጭር ጉድጓድ ነበር። ትልቅ ውድድር በእንዲህ ያለ አጭር ጉድጓድ መዝጋቱ ብዙ ሰው አልወደደውም። በኋላ አቅጣጫው ተገልብጦ 10ኛ ሆነ፣ የድሮው 17ኛ ደግሞ 18ኛ። ስለዚህ ቬንቱሪ በ1964 ያሸነፈበት፣ ሞንትጎመሪ በ1997 የሳተበት እና በ2011 ውድድሩ ያለቀበት ግሪን አንድ ነው። ቁጥሩ ብቻ ነው የተቀያየረው። እኔ በበኩሌ ለውጡን ደግፌዋለሁ።

ከ2007 ጀምሮ ታይገር ዉድስ የሚያዘጋጀው ውድድር ወደ ኮንግረሽናል መጣ። ራሱ ታይገር በ2009 እና በ2012 አሸንፏል። 2012 ያኔ በአካባቢው ለነበራችሁ አይረሳም። ሰኔ 29 ማታ ያ ኃይለኛ ማዕበል ነፍሶ ስንቱ ሰፈር ለቀናት መብራት አጣ። ክለቡም ውስጥ ትልልቅ ዛፎች ወደቁ። በማግስቱ ቅዳሜ ውድድሩ ያለ ተመልካች ተካሄደ። በዓለም የታወቀው ተጫዋች ሰው በሌለበት ሜዳ ሲጫወት አስቡት። ኮቪድ ከመምጣቱ ስምንት ዓመት በፊት ነው።

የ2011ዱን ዩኤስ ኦፕን ለብቻው ያቆየሁት ከቬንቱሪ ጋር ስለሚገናኝ ነው። የሰሜን አየርላንዱ ሮሪ ማክልሮይ 22 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ማስተርስን በአራት ምት እየመራ የመጨረሻው ቀን ላይ 80 መትቶ ወደቀ። ልክ እንደ ቬንቱሪ፤ ያው ውድድር፣ ያው የአራት ምት ብልጫ፣ ያው 80። ቬንቱሪ ካሣውን ለማግኘት ስምንት ዓመት ፈጀበት። ማክልሮይ ሁለት ወር። ዝናብ ሜዳውን አለስልሶት ስለነበር ኳሱ የወደቀበት ይቆማል፤ ልጁም አልራራም። 65፣ 66፣ 68፣ 69 መትቶ በጠቅላላው 268 ሆነ። በዩኤስ ኦፕን ታሪክ ዝቅተኛው ቁጥር ነበር። በስምንት ምት ነው ያሸነፈው። እሑድ ዕለት 10ኛው ጉድጓድ ላይ፣ ያ የተገለበጠው፣ የመታት ኳስ ልትገባ ጥቂት ነበር የቀራት።

አሁን ቅድም ወዳቆምኩት ልመለስ፤ ማን ነው አባል የሚሆነው? ለረጅም ጊዜ የውድድር ባለቤቶች ይህን አይጠይቁም ነበር። በ1990 ግን ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ አላባማ ውስጥ ሾል ክሪክ በተባለ ክለብ ሊደረግ ሲል፣ የክለቡ መሥራች ጥቁሮችን በአባልነት እንደማይቀበሉ በግልጽ ለጋዜጣ ተናገረ። ስፖንሰሮች ማስታወቂያቸውን አነሱ። ክለቡ በጥድፊያ አንድ ጥቁር አባል ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ በአባላት ምርጫ አድልዎ የሚያደርግ ክለብ ውድድር እንዳይሰጠው ተወሰነ። ማስተርስ የሚደረግበት ኦገስታ ናሽናል የመጀመሪያ ጥቁር አባሉን የተቀበለው በዚያው ዓመት ነው። ሴት ለመቀበል ግን እስከ 2012 ቆየ። ስኮትላንድ ውስጥ ሙርፊልድ በ2016 ሴቶችን ላለመቀበል ድምፅ ሲሰጥ የብሪታንያውን ኦፕን ወዲያው ተነጠቀ። በዓመቱ እንደገና ድምፅ ሰጥቶ «ይግቡ» አለ። እናንተው ሰፈር፣ ከኮንግረሽናል ብዙም ሳይርቅ፣ በርኒንግ ትሪ የሚባል ዛሬም ወንዶች ብቻ የሆኑበት ክለብ አለ። ሕጉ አይከለክላቸውም። ትልቅ ውድድር ግን አያስተናግዱም።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ክለቦቹን የለወጣቸው ከኅሊናቸው ይልቅ ውድድሩን የማጣት ፍርሃት ነው። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ዓመተ ምሕረቶቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ያየዋል።

ኮንግረሽናል በ2018 አዲስ መንገድ ያዘ። ዩኤስ ኦፕንን ትቶ ከባለሙያዎቹ ማኅበር ከፒጂኤ ኦፍ አሜሪካ ጋር ለብዙ ዓመት የሚዘልቅ ውል አሰረ። ከዚያ አንድሩ ግሪን የተባለ ነዳፊ ሰማያዊውን ሜዳ እንደ አዲስ ሠራው። ዛፉ በብዛት ተነሥቶ አሁን ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ለተመልካች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2022 በአዲሱ ሜዳ የሴቶች ፒጂኤ ሲደረግ የሽልማቱ ገንዘብ በእጥፍ አድጎ 9 ሚሊዮን ዶላር ገባ። የኮሪያዋ ቹን ኢን ጂ በመጀመሪያው ቀን 64 መትታ ሁሉንም በአምስት ምት ጥላ ሄደች፤ እስከ እሑድ ብልጫው ሟሙቶ በአንድ ምት ብቻ አሸነፈች። በ2025 አንጋፋዎቹ መጡ፣ አርጀንቲናዊው አንኸል ካብሬራ ወሰደው።

ቀጥሎ ያለው ፕሮግራም፦ የሴቶች ፒጂኤ በ2027፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ በ2030፣ አሜሪካና አውሮፓ በቡድን የሚገጥሙበት ራይደር ካፕ ደግሞ በ2037።

መግባት የሚቻለው እንግዲህ በእነዚህ ሳምንታት ነው። ትኬት ይቆረጣል፣ አባል መሆን አያስፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው 2030ን ከሚጠብቅ 2027ን ቢይዝ እመክራለሁ። የሴቶቹ ውድድር ትኬት ይረክሳል፣ ሰው አይጨናነቅም፣ ተጫዋቾቹን በቅርብ ታያላችሁ። ልጆች ከአዋቂ ጋር ብዙ ጊዜ በነፃ ይገባሉ፤ ትኬቱን ስትገዙ የዕድሜ ገደቡን እዩ። ከሐሙስ በፊት ያሉት የልምምድ ቀኖች ደግሞ ከዋናዎቹ ይረክሳሉ፣ ተጫዋቾችም ለልጆች ለመፈረም ጊዜ አላቸው። ዋናው ቀን ላይ ከሄዳችሁ ሜዳውን ሁሉ ልዙር አትበሉ። 18ኛው ግሪን አጠገብ ተዳፋቱ ላይ በጊዜ ቦታ ያዙ።

ልጅዎ መጫወት ከፈለገ ግን የኮንግረሽናልን በር አይጠብቅ። ዲሲ ውስጥ ላንግስተን የሚባል የሕዝብ ሜዳ አለ። በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች ሌላ ሜዳ ላይ በማይፈለጉበት ዘመን ለእነሱ ተብሎ ነው። በ1975 ማስተርስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው ጥቁር ተጫዋች ሊ ኤልደር በኋላ ያስተዳድረው ነበር። ከፍሎ ማንም ይጫወታል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ በውድድር ሳምንት በሪቨር ሮድ ወደ ሥራ መሄድ ፈተና ነው። ለተመልካቹ መኪና ማቆሚያው አብዛኛውን ጊዜ ራቅ ያለ ቦታ ይሆንና በአውቶቡስ ያመላልሳሉ። 2027 ላይ ከሥራ ቦታዎ በእግር መድረስ ከቻሉ ከሁላችንም የተሻለ ዕድል አለዎት።